ስልኩ ከእጃችሁ ሳይወጣ



በየትኛውም ከተማችን ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ብትቆሙ፣ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጠባብ ቤት ታያላችሁ። ደጃፏ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔት፣ ኢሜይል እንከፍታለን፣ ዲቪ እንሞላለን» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ውስጥ ወጣቶች ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረዋል፤ ውጭ ሰልፍ አለ። ከሰልፈኞቹ መሀል ጡረተኛ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ልጅ ያዘለች እናት አለች፣ አንዳንዴም መምህር አይጠፋም። ሁሉም የመጡት «በኢንተርኔት ሞልተህ ና፣ ሞልተሽ ነይ» ተብለው ነው።

የዛሬው ርዕሳችን ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ገና የሚለማመድ ሰው ረዳት ከየት ያገኛል የሚል ነው። አዘጋጆቹ ርዕሱን ሲሰጡኝ የረዳቶች ዝርዝር የጠበቁ ይመስለኛል። ዝርዝሩ አይከብድም፣ በኋላ እመጣበታለሁ። እኔ እንደማየው ግን የረዳት እጥረት የለብንም። ሥራውን የሚሠራልን ሰው ሞልቷል፤ ያጣነው እኛው እንድንሠራው አጠገባችን ቁጭ ብሎ የሚያሳየንን ነው። ሁለቱ ረዳቶች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ትሑት ናቸው፣ ሁለቱም ጉዳያችንን ይጨርሳሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው በሚቀጥለው ወር፣ ያው ጉዳይ ሲመለስ ነው።

ይህ ነገር ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ታይፕራይተር ጉልበታቸው ፊት አስቀምጠው የሚውሉትን ራፖር ጸሐፊዎች ከእናንተ መሀል ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ባለጉዳዩ በደሉን ይናገራል፤ ጸሐፊው በሕግ ቋንቋ አሳምሮ ያወርደዋል፤ ባለጉዳዩ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። እነዚህን ሰዎች መውቀስ አይገባም፤ ስንቱ ድሃ መሬቱን ያስመለሰው በእነሱ ጽሕፈት ነው። ቢሆንም ያ ባለጉዳይ አሥር ጊዜ ቢመላለስ በአሥረኛውም የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው እሱ ያለው ይሁን ሌላ፣ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ስለ ዘመኑ ፖለቲካ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንስማማ አይመስለኝም፣ መስማማትም የለብንም። የማስተማሩን ሥራ ብቻ ነጥለን እንየው። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት አስገኝቷል። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች፣ ተማሪዎቹ እናት አባት የሚሆኗቸው ሰዎች ነበሩ። ለአቅመ አያት የደረሰ ገበሬ በልጅ እጅ ፊደል ቆጠረ። ዘማቹ የገበሬውን ደብዳቤ ጽፎለት ቢሄድ ኖሮ ሥራው በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። እርሳሱን ለገበሬው አስይዞ፣ ያቺን የተንጋደደች «ለ» ታግሦ ጠበቃት። ስንት ሰው ከአውራ ጣት ወደ ስሙ ፊርማ የተሻገረው እንዲህ ባለው ትዕግሥት ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲገባ የመጣነው ከዚህ ሁለት ዓይነት ልምድ ነው። ያሳዝናል፣ የመረጥነው የመጀመሪያውን ነው።

የዲቪን ነገር እንመልከት፤ ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ ለማስረዳት ይመቻል። የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ፣ የዲቪ፣ ማመልከቻ ወረቀቱ ቀርቶ በኢንተርኔት መሞላት የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጹ ተሞልቶ ሲላክ የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣል። ዕጣው ይድረስ አይድረስ የሚታወቀው ይህ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ዓመት በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብተው ሲታዩ ነው። ደብዳቤ በፖስታ አይመጣም። እንግዲህ ቁጥሩን ማን ይዞታል? በብዙዎቻችን ቤት ያለው መልስ «የሞላልኝ ልጅ» የሚል ነው። ልጁ ጨዋ ከሆነ ደውሎ ያበሥራል። ቤቱን ከዘጋ ወይም ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ዕድሉም አብሮ ጠፋ። ጨዋ ካልሆነ ደግሞ «ደርሶሻል፣ ቁጥሩን የምሰጥሽ ግን ይህን ያህል ስትከፍዪ ነው» ለማለት ምንም የሚያግደው የለም።

ሌላም አለ። ቅጹ ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ልጅ ያለው ልጆቹን በሙሉ እንዲያስመዘግብ ያዛል። ሰልፉ የረዘመበት ልጅ «ልጅ አለሽ?» ብሎ ሳይጠይቅ ካለፈ፣ በቃለ መጠይቁ ቀን ቪዛ የምትከለከለው እሱ አይደለም፣ እናቲቱ ናት። ገርሞኝ የማልተወው ነገር ቢኖር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የማመልከቻ መመሪያ ይህንኑ መምከሩ ነው፦ የሚቻላችሁ ከሆነ ራሳችሁ ሙሉ፤ ሰው የሚያግዛችሁ ከሆነም ሲሞላ አጠገቡ ሁኑ፣ መልሱን እናንተ ስጡ፣ የማረጋገጫውን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ ይላል። ስለ እርዳታ ካነበብኳቸው ምክሮች ሁሉ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ለኢሜይልም፣ ለባንክም፣ ለፋይዳ መታወቂያ ምዝገባም ይሠራል።

ኢሜይል ስል፣ «ኢሜይል እንከፍታለን» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጉድ ይዟል። ከፋቹ ፓስወርዱን ራሱ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ነው። ለመልሶ ማግኛ የሚሞላው ስልክ ቁጥር የራሱ ይሆናል፣ ኮዱ ቶሎ እንዲደርሰው። የኢሜይሉ ባለቤት ስልክ ስትቀይር ኢሜይሉ «ማንነትሽን አረጋግጪ» ይላታል፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ግን ወደ ከፈተላት ልጅ ስልክ ነው። በሌላ ሰው የተከፈተ አካውንት ያላችሁ ካላችሁ፣ ልጁ ሳይጠፋ ከዚህ ሳምንት ሳታሳልፉ ወደ አካውንቱ ማስተካከያ ገብታችሁ የመልሶ ማግኛውን ስልክ በራሳችሁ ለውጡት፤ ከዚያም ፓስወርዱን። አዲሱን ፓስወርድ ደብተር ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት። የደህንነት ባለሙያዎች ይህን ስላልኩ ይቆጡኝ ይሆናል። ይቆጡ። ሣጥን ውስጥ ያለ ደብተር መንገድ ዳር ካለ ልጅ ትዝታ በብዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ከሁሉም የቀረበው ረዳት ልጅ ነው፤ የልጅ ልጅም ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ፈጥኖ ስልኩን ከእጅ የሚነጥቀውም እሱ ነው። «እማዬ አምጪው እስቲ»፣ ጣት ሦስት ጊዜ ይወረወራል፣ «በቃ፣ ተሠራ»። እማዬ ምን እንደተሠራ አላየችም። ሞባይል ቤትም ያው ነው፤ «ማዘር፣ ስልኩን ይስጡኝ» ነው የመጀመሪያው ቃል። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የሚያውቁትን ነገር ቀስ ብሎ ሲሠራ ማየት ራሱን የቻለ ስቃይ ነው፤ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

«ልጆች እኮ ሳይማሩ ያውቁታል፤ የኛ አእምሮ ደርቋል» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ለዚህም አንድ የታወቀ ምሳሌ ይጠቀሳል። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አስቀመጠላቸው። ኔግሮፖንቴ በኋላ ሲናገር፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተቆልፎ የነበረውን ካሜራ አስከፈቱ ብሏል። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ «አስተማሪ አያስፈልግም» የሚል ድምዳሜም ተያይዞ ዞረ።

እኔ ታሪኩን የማነበው በሌላ ዓይን ነው። የመንደሩ ዐዋቂዎች ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞሉ ሠልጥነው ነበር። በየሳምንቱም ባለሙያ እየመጣ የታብሌቶቹን ማኅደረ ትውስታ ካርድ ይለውጥ ነበር። ልጆቹ በቡድን ነው የተቀመጡት፤ አንዱ ያገኘውን ሌላው ወዲያው ያያል። የሚቆጣ የለም፣ የሚስቅ የለም። ከሁሉም በላይ በዚያ ታብሌት ውስጥ የሚጠፋ ገንዘብ አልነበረም። የስልኳ ቴሌብር ውስጥ የወር አስቤዛ ያለባት እናት ቁልፍ ለመንካት ብትፈራ አእምሮዋ ደርቆ አይደለም፤ ሒሳብ ስለምታውቅ ነው። ፍርሃቷን መሳደብ አይጠቅማትም። የሚጠቅማት ትንሽ ነገር የምታጣበት ልምምድ ነው፦ አምስት ብር ለልጇ ትላክ፣ ልጇ መልሳ ትላክላት፣ እንደገና ትላክ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንት ሰው የመጀመሪያውን ዝውውር የፈጸመው ከአበዳሪ ፊት ቆሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ነው! ለመማር ከዚያ የከፋ ሰዓት የለም።

ደግሞም ዐዋቂ አይማርም የሚለውን የሚያፈርስ ማስረጃ ከየመንደራችን አለ። ሳዑዲ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ ልጅ ያላቸው እናቶች ኢሞ የተባለውን የቪዲዮ መደወያ እንዴት እንደሚከፍቱ እዩ። ብዙዎቹ ሥልጠና አልተሰጣቸውም፣ አንዳንዶቹ ፊደል አልቆጠሩም። የልጃቸውን ፊት ለማየት ሲሉ ግን የአዶዋን ቀለም ለይተው፣ ዳታ ሲያልቅ ዐውቀው፣ ኔትወርክ የሚይዝበትን ጉብታ አጥንተው ይደውላሉ። ጎረቤት አሳየቻቸው፤ ከዚያ በየቀኑ ደገሙት። ለማስተማር የምትፈልጉት ሰው ካለ መጀመሪያ የሚጓጓለትን ነገር ፈልጉለት። ስለ ኮምፒውተር ክፍሎች ማስረዳቱ ይቆይ።

እስካሁን ስለ ረዳቱ አወራሁ። ጠያቂውም ሥራ አለበት። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን መናገር ብቻውን አይበቃም፣ አነጋገሩም ይታይ። «ስልኬ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ረዳቱን ስልኩን ከመንጠቅ ውጪ ምርጫ አሳጣው። ምን ለማድረግ ነበር? የት ነካሁ? ምን ብሎ ጻፈ? እነዚህን መናገር የቻለ ሰው በስልክም፣ ከሩቅም ሊረዳ ይችላል። በተለይ ስልኩ የጻፈውን ነገር እንዳለ መያዝ ትልቅ ነገር ነው። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች የማጥፊያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ አንድ ላይ ለአፍታ ስትጫኑ የገጹ ፎቶ፣ ማለት ስክሪንሾት፣ ይነሣል። ለልጃችሁ በቴሌግራም ላኩት፤ አዋሳ ሆነ ሚኒሶታ እሱን አይቶ ይነግራችኋል። ፎቶው ላይ የባንክ ሒሳብ ወይም ኮድ ካለ ግን አይላክ።

መልስ በራሳችሁ ስትፈልጉ ደግሞ የኛ ቋንቋ አንድ ልዩ ጣጣ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ በአማርኛ ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ግን «ሀ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያውቃቸው፤ «ሰ»ና «ሠ»፣ «ጸ»ና «ፀ»ም እንደዚያው። «የይለፍ ቃል ረሳሁ» ብላችሁ መልስ ካላገኛችሁ «ፓስወርድ ረሳሁ» በሉ፤ «ሒሳብ» ካልሆነ «ሂሳብ» ሞክሩ። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፉ ቪዲዮ ሠሪዎች ብዙ ስለሆኑ እንደዚያም መሞከር አይከፋም። ስልኩ የጻፈው እንግሊዝኛ ከሆነ ቃል በቃል ገልብጣችሁ ፈልጉ። ጎግል ትራንስሌት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ያውቃል፤ አንዳንዴ ቢያስቅም ፍሬ ነገሩን ያስይዛል። ዩቲዩብ ላይ ያገኛችሁት ትምህርት መቼ እንደተጫነ ተመልከቱ። የሦስት ዓመት ቪዲዮ የሚያሳየው ቁልፍ ዛሬ በናንተ ስልክ ላይ ቦታው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ «እኔ ደንቆሮ ነኝ» ከማለት ቪዲዮው አርጅቷል ማለት ትክክል ነው። በአማርኛ የሚመልሱት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም ለመነሻ ይጠቅማሉ። ሳይሰለቹ ያስረዳሉ። የማያውቁትንም በሙሉ ልብ ስለሚናገሩ፣ ገንዘብ ባለበት ጉዳይ እነሱን ብቻ ሰምታችሁ ምንም አትንኩ።

ማየት የተሳነው የሚማር ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ኤንቪዲኤ የሚባል ገጹን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ በነፃ ይገኛል። ሥራውን የጀመሩት ሁለቱ አውስትራሊያውያን ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው። ኢስፒክ በተባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ነው፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

ዝርዝሩን ቃል ገብቼ ነበር፤ አጭር ነው። ስለ ኢትዮ ቴሌኮም መስመርና ዳታ 994፣ ስለ ቴሌብር 127፣ ስለ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ደውሉ። ቁጥሩን አሁን ስልካችሁ ላይ በስም መዝግቡት። ለምን ብትሉ፣ ችግር ሲገጥማችሁ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ «የደንበኞች አገልግሎት» ብላችሁ ብትፈልጉ፣ የባንኩን ዓርማ ለጥፎ የሚጠብቃችሁ ሌባ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ቀድሞ የሚመልስ፣ ከሁሉም በላይ የሚያከብር ረዳት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። «አይዞዎት እናቴ፣ አሁን የሚደርስዎትን ኮድ ብቻ ያንብቡልኝ» ይላል። ኮዱ የደጃችሁ ቁልፍ ነው። እውነተኛው ባንክ ፒን ወይም ኮድ አይጠይቅም፤ ከሩቅ ስልካችሁን የሚያዩበትን አፕ ጫኑም አይላችሁም። ደዋዩ ካስቸኮላችሁ ስልኩን ዝጉና በመዘገባችሁት ቁጥር እናንተው ደውሉ።

በአካል መማር ለሚሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወመዘክርና አብርሆት የተባሉት ቤተ መጻሕፍት አሉ። ጥቅማቸው መጽሐፉና መቀመጫው ብቻ አይደለም። ከጎናችሁ የተቀመጠው ወጣት ሰልፍ የሚጠብቀው ደንበኛ ስለሌለ ጊዜ አለው። ዘመድ ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ንገሯቸው፦ የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነፃ የኮምፒውተር ትምህርት ይሰጣሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የከተማዋ የቋንቋ አገልግሎት ሕግም አማርኛ ተናጋሪው በመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። ብዙ እናቶች ይህን ሳያውቁ የአሥር ዓመት ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ይዞራሉ። የገቢ ግብርን ነገር ለልጅ ማስተርጎም ለልጁም ለእናቱም የሚመከር አይደለም።

ወጣቶች ከኋላ ተቀምጣችኋል፣ ሁለት ቃል ለናንተ። ስታሳዩ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። «እዚህ ጋ ይንኩ» በሉ እንጂ አትንኩላቸው። «ቀላል እኮ ነው» አትበሉ፤ ቀላል ነገር ያቃተው ሰው ሁለተኛ አይጠይቃችሁም። ሠርተው ሲጨርሱ በራሳቸው ቃል ደብተር ላይ ያስፍሩት፤ «አረንጓዴዋን፣ ከዚያ ቀስቷን» ብለው ቢጽፉ የናንተን ቃል አታስለውጧቸው። ከዚያ ሁሉንም ዘግተው፣ ያለናንተ ከመጀመሪያው ይሥሩት። ዲቪ የምትሞሉ ደግሞ የማረጋገጫውን ገጽ ፕሪንት አድርጋችሁ ለባለቤቱ ስጡ፤ ለወረቀቱ ብታስከፍሉም ማንም አይከፋውም።

አዘጋጆቹ ሰዓቱ ማለቁን እያመለከቱኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። የመልሶ ማግኛ ቁጥራቸውን መለወጥ ከሚፈልጉት እንጀምራለን። የማጉያ መነጽር የረሳችሁ ጠረጴዛው ላይ ሁለት አሉ። እኔ አጠገባችሁ እቀመጣለሁ፤ ስልካችሁን ግን አልነካም።